ሁለት የድንጋይ ክምር አስለክተው ስማቸውን ያጡት የአቶ ክንዱ አየልኝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ክንዱ አየልኝ ከአባታቸው ከአቶ አየልኝ ቸኮል፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ንጋቱ፣ በቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በወገራ አውራጃ፣ ጨው በር ማርያም በምትባል አጥቢያ በሚያዝያ ወር 1908 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ዛሬ የለም። አጎቶቻቸው ጎተራ አድርገውት ኖሩ፤ ጣሪያው ሲወርድ ደግሞ ድንጋዩን ለበረት ካብ ወሰዱት። ይህ የሚነገረው ለወቀሳ አይደለም፤ በሕይወት ታሪክ ላይ የትውልድ ስፍራ ይጠቀሳል ስለሚባል ነው።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት እዚያው ደብሩ ዘንድ ነው። አባታቸው በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ትምህርቱ ቀረ። ዕድሜያቸው ለመሬት ሲደርስ የአባታቸውን ርስት ቢጠይቁ፣ አጎቶቻቸው በሽማግሌ ፊት «ፊደል የቆጠረ ሰው መሬት ምን ያደርግለታል፤ በዳዊቱ ላይ ይዝራ» ብለው ተሳሳቁ። ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ። አቶ ክንዱ ዳዊታቸውን ታቅፈው ከሸንጎው ወጡ፤ ተመልሰውም አልጠየቁም። ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ከእነዚያ አጎቶች ልጆች መካከል ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከሁሉ ፊት የቆሙ ስላሉ፣ ሐዘናቸው ከያዙት ርስት ስፋት ጋር እንዲመጣጠን ቤተሰቡ ይመኛል።

በጣሊያን ጊዜ በሊማሊሞ ቁልቁለት ድንጋይ ፈለጡ። ወደው አይደለም፤ ከየመንደሩ ታፍሶ ከወረደው ሕዝብ ወዶ የወረደ አልነበረም። ድንጋይ እንደ እንጨት መስመር እንዳለው፣ መስመሩን ያወቀ በሁለት ምት የሚከፍለውን ያላወቀ በሃያ ምት እንደማይከፍለው የተማሩት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ስፍራ ባርኔጣ አጥልቀው ሠራተኛውን ለጣሊያን እየቆጠሩ የሚያስረክቡ ያገር ሰዎች ነበሩ። ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ባርኔጣው ወለቀ፤ ጭንቅላቱ ግን ያው ነበር። ጥቂት ቆይቶም በየጭንቅላቱ ላይ ማዕረግ ተደፋበት።

በጥር ወር 1938 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሽታዬ ይርዳው ጋር በቁርባን ተጋቡ። የሙሽራዋ ወንድሞች «መሬት የሌለው አማች ምን ያደርግልናል» ብለው ፊታቸውን አጥቁረው ስለ ዋሉ፣ ሙሽራው በገዛ ሠርጋቸው ከበር አጠገብ ተቀምጠው በሉ። የበኩር ልጃቸው በሁለት ዓመቷ በንዳድ ሞተችባቸው። አቶ ክንዱ ከዚያ በኋላ ንዳድ የሚባለውን ነገር ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆም ነበር። ስለዚህ በ1943 ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጡ አንድ ሐኪም የንዳድ ትንኝ የሚያጠፋ መድኃኒት በደንቢያ ቆላ የሚረጭላቸው ሰው ሲፈልጉ፣ መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ከቤት ቤት ለመዞር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እሳቸው ሆኑ።

ሐኪሙ ሁለት መንደር መርጠው አንዱን አስረጩ፤ ሁለተኛውን እንዳለ ተዉት። የሁለተኛው መንደር ሰዎች «ምነው እኛን ለትንኝ ሰጣችሁን?» እያሉ ረጪዎቹን ይሰድቡ ጀመር። ልጅ የቀበሩት አቶ ክንዱም ነገሩ ስለ ከነከናቸው ሐኪሙን በአስተርጓሚ ጠየቁ። ሐኪሙ እንዲህ አሉ። «አንዱን ሳትነካ ካልተውህ፣ ትንኟ የጠፋችው በመድኃኒቱ ይሁን በነፋሱ በምን ታውቃለህ? ለከርሞ እነሱም ይረጫሉ።» በከርሞውም ተረጩ። ደግሞ ትንኝ የሚቆጥሩት ሌሎች ሰዎች እንጂ ረጪዎቹ እንዳይሆኑ ሐኪሙ ከለከሉ፤ ምክንያታቸውም ሰው የደከመበትን ነገር ዓይኑ ያዳላለታል የሚል ነበር። አቶ ክንዱ እነዚህን ሁለት ነገሮች በደብተራቸው ጻፉ። ደብተሩ ዛሬም አለ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው «ይህ የሆነው በእኔ ነው» ሲል በሰሙ ቁጥር «ያልነካኸው የታለ?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ሆኑ። በዚህ አገር እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሹመት እንደማያገኝ የታወቀ ነው። አቶ ክንዱ ግን ለትንኝ የበጀ ዕውቀት ለሰው ሥራ የማይበጅበት ምክንያት አልታያቸውም።

በጥቅምት ወር 1947 ዓ.ም. ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ መንገድ በኮንትራት የያዘ አንድ ድርጅት በድንጋይ ፈላጮች ላይ የሠራተኛ አለቃ፣ በጊዜው አጠራር ካፖ፣ አድርጎ ቀጠራቸው። የድርጅቱ ስም አይነሣም፤ ከስሟል። የካምፑ አዛዥ ባላምባራስ የሻው ነበሩ። ባላምባራስ በሊማሊሞ ባርኔጣ ካጠለቁት አንዱ መሆናቸውን አቶ ክንዱ ያውቃሉ፤ አንሥተውባቸው ግን አያውቁም። ባላምባራስ ጠዋት በበቅሎ ላይ ሆነው፣ ጃንጥላ አስይዘው፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ ይጮኻሉ። «ከበሮና ሠራተኛ ካልመቱት አይሰማም» ይሉ ነበር። ምሳቸውን በጠላ ካወራረዱ በኋላ ደግሞ ድንኳናቸው ገብተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛሉ። የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከጉሮሯቸው እንደሚወጣ አይጠራጠሩም ነበር።

አንድ ቀን አቶ ክንዱ በካምፑ ጸሐፊ ፊት «ባላምባራስ፣ ሠራተኛው የሚሠራው በጩኸትዎ ነው ወይስ ያለ ጩኸትም ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

«ይህ ምን ይጠየቃል። ስጮህ ይሠራሉ፤ ዝም ስል ይቀመጣሉ።»

«ዝም ብለው ያውቃሉ?»

ጸሐፊው ሳቀ። ባላምባራስ በሰው ፊት ተስቆባቸው ስለማያውቁ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። አቶ ክንዱ ግን ለነገር አልነበረም የጠየቁት። ደብተራቸውን ዘርግተው አሳቡን አስረዱ። አርባ ሰው ይወሰድ፤ ሃያ ሃያ ሆኖ በዕጣ ይከፈል። ድንጋዩ አንድ ዓይነት፣ መዶሻው አንድ ዓይነት ይሁን። አንደኛው ወገን እንደ ወትሮው በባላምባራስ ጩኸት ይሥራ፤ ሁለተኛው የራሱን አለቃ ከመካከሉ መርጦ ያለ ጩኸት ይሥራ። በአሥር ቀን የሁለቱ ክምር ይለካ። የእሳቸው ግምት ያለ ጩኸት የሚሠሩት ይበልጣሉ የሚል ነበር።

ባላምባራስ ይስቃሉ እንጂ ይስማማሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ነገር ግን ሰው በጉሮሮው ሲመካ ማሰሪያ የለውም። «ይሁን። ግን እንዲህ ነው» አሉ። «አርባውም ሰው ‹ከወገኔ በቀር ለሌላው መዶሻ ባነሣ፣ ንጉሥ ይሙት› ብሎ ይማል። አንተም ክምሩ እንደ ጻፍኸው ካልሆነ ‹ያቀረብሁት ሁሉ ልክ አይደለም› ብለህ ትፈርማለህ።» በዚያን ጊዜ በንጉሥ ምሎ መክዳት በችሎት የሚያስገርፍ፣ የሚያሳስርም ነገር ነበር። አርባው ሰው ተሰልፎ ማለ። አቶ ክንዱም ማሉ።

ዕጣው በነጭና በጥቁር ጠጠር ወጣ። ዕጣ ዘመድ አያውቅም፤ አማትና አማች፣ ወንድምና ወንድም ተለያይተው ወደቁ። ያለ ጩኸት የሚሠሩት ሃያዎቹ አለቃቸው አድርገው የመረጡት አያ ዳኛውን ነው። አያ ዳኛው አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ፣ ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ባላምባራስ ምርጫውን ሰምተው «አንካሳ ሊመራቸው ነው» ብለው ሲስቁ ዋሉ። የሁለቱ ወገን የሥራ ቦታ በአንድ ጉብታ ወዲያና ወዲህ ስለ ነበረ አይተያይም።

ክምሩን የሚለካ ገለልተኛ ሰው ሲፈለግ ሁለቱም ወገን የተስማሙት በጎንደሩ ነጋዴ በሸሪፍ ነበር። ሸሪፍ ሸማ በክንድ ሲለካ ክንዱን የማያጥፍ ሰው ተብሎ በቅዳሜ ገበያ የታወቀ ነው፤ ለአቶ ክንዱም ደብተር የሸጠላቸው እሱ ነው። አቶ ክንዱ ራሳቸው ደግሞ የደከመበት ሰው ዓይኑ ያዳላል የሚለውን የሐኪሙን ነገር አስበው፣ አሥሩን ቀን ከሥራው ቦታ አልደረሱም። ከካምፑ ዕቃ ቤት ተቀምጠው መዶሻ ሲያስጠግኑ ሰነበቱ። ወይዘሮ ሽታዬ «ወጣ ብለው ቢያዩት ምን አለበት?» ቢሏቸው «ካየሁት አበላሸዋለሁ» አሉ። ስሕተታቸው ይህች ነበረች። የውጭውን ሐኪም ሕግ እስከ ነጥቡ ጠብቀው ያገራቸውን ሕግ ዘነጉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሸሪፍ የእንጨት ሣጥኑን እየሞላ እየደፋ ለካ። የባላምባራስ ወገን አራት መቶ አሥራ ስምንት ሣጥን ሆነ። የአያ ዳኛው ወገን አራት መቶ ሃያ አንድ ሆነ። ባላምባራስ የሻው ደስ ብሏቸው «እኩል ነው፤ የታለ ታዲያ ትርፉ?» አሉ። አቶ ክንዱ ተደናገጡ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ላይ ዝም ይል ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ቀን ካሰቡ በኋላ ለድርጅቱ እንዲህ ብለው ጻፉ። «ሁለቱ ክምር እኩል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ባላምባራስ ቢኖሩም ባይኖሩም የሚፈለጠው ድንጋይ ያው መሆኑን በአክብሮት አመለክታለሁ።»

አክብሮቱ እውነተኛ ነበር። ባላምባራስ ግን ወረቀቱ ሲነበብላቸው ለጊዜው አልገባቸውም። ሁለተኛ አስነበቡት። ሦስተኛ ሲነበብ ገባቸው፤ በቅሎዋ እስክትደነብር ጮኹ። «የጻፍኸው ሁሉ ልክ አይደለም ብለህ አሁን ትፈርማለህ።» አቶ ክንዱም «ግምቴ መሳቱን እፈርማለሁ። በወረቀቱ ያለው ቁጥር ግን እኩል ነው፤ እኩል ያልሆነ ነገር አልጻፍሁም። ልክ የሆነውን ልክ አይደለም ብዬ አልፈርምም» አሉ። በዚሁ ቃል ከሥራ ተባረሩ። ጊዜው ጥር 1947 ዓ.ም. ነበር። ወደ ጎንደር ሲመለሱ ሸሪፍ ከሱቁ በስተኋላ አንዲት ክፍል ሰጣቸው። ከዘመድ ወገን ያንን ያደረገ ስለሌለ ሌላ ስም አይጠቀስም።

አምስት ወር አለፈ። ባላምባራስ በየሳምንቱ መልእክተኛ ይልካሉ። ፈርም፣ ወደ ሥራህ ተመለስ ይላሉ። አቶ ክንዱ አልፈርምም ይላሉ። ያን ጊዜ የሳቁባቸው ሰዎች እንኳ «ክንዱ ያለውን የሚያጸና ሰው ነው» ማለት ጀምረው ነበር። የወይዘሮ ሽታዬ ወንድሞችም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው መጥተው በሉ።

በሰኔ መግቢያ አንድ እሑድ አያ ዳኛው እያነከሱ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። ውኃ እንኳ አልጠጡም።

«ክንዱ፣ እኛ ነን ያበላሸንብህ» አሉ።

«ምኑን፣ አያ ዳኛው?»

«ክምሩን። ባላምባራስ ምሳ በልተው ሲተኙ እኛ የቀኑን ሥራ ጨርሰን እንቀመጣለን። ወዲያ ማዶ የእነዚያ መዶሻ ይሰማል። አማቴ እዚያ ነው፤ ስድሳ ዓመቱ ነው፤ ባላምባራስ ‹ከተሸነፋችሁ ስማችሁን ከመዝገብ እፍቃለሁ› ብለዋቸዋል። እሱ ላቡን ሲጠርግ እኔ ጥላ ሥር ልቀመጥ? በወንፈል ያደግን ሰዎች ነን። የጎረቤትህ አዝመራ ሳያልቅ ማጭድህን ታጥባለህ? አታጥብም። እናም በቃሬዛ ተሸክመን ከእኛ ክምር ወደነሱ ክምር እናሻግር ነበር።»

«ምላችሁ?»

«ምለን። ‹ለሌላው መዶሻ ባነሣ› ነው ያልነው። መዶሻ አላነሣንም፤ ቃሬዛ ነው ያነሣነው።» አያ ዳኛው ይህንን ሲሉ ራሳቸውም አላመኑበትም፤ ዓይናቸው መሬት መሬት ያይ ነበር። ዳኛ ፊት ቢቆሙ ይህች ጥበብ እንደማታድናቸው ያውቃሉ።

አቶ ክንዱ ደብተራቸውን አወጡና «በቀን ስንት ሣጥን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ ይሄ ሰው! እኔ ነፍሴን ይዤ መጥቼ እሱ ሣጥን ይቆጥራል» አሉ አያ ዳኛው ወደ ወይዘሮ ሽታዬ ዘወር ብለው። ኋላ ግን አስበው ተናገሩ፤ በቀን አሥራ ሦስት፣ አንዳንድ ቀን አሥራ አራት። በአሥሩ ቀን መቶ ሠላሳ ሰባት ይሆናል። አቶ ክንዱ በደብተራቸው ደመሩ፤ ቀነሱ። ያለ ጩኸት የሠሩት አምስት መቶ አምሳ ስምንት ሣጥን ፈልጠዋል። በጩኸት የሠሩት ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ። እጥፍ ሊሆን የቀረው ጥቂት ነው። ከጠበቁት እጅግ የበለጠ ነበር።

ወይዘሮ ሽታዬ እልል ሊሉ ደረሱ። «እንግዲያ አሸንፈዋል። ነገ ማልደው ሄደው ይንገሯቸው።»

«ምን ብዬ? እነ አያ ዳኛው በንጉሥ ምለው ከዱ ብዬ?»

«ታዲያ ስምዎ ተሰብሮ ይቅር?»

«ለስሜ ስል ሃያ ሰው ችሎት አላቆምም። ደግሞ ሽታዬ፣ ወረቀቴ ልክ አይደለም። እኩል ነው ብዬ ጻፍሁ፤ እኩል አልነበረም። ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ብዬ አምስት ወር ሙሉ ስከራከር ኖሬአለሁ።»

«ምነው፣ አንቱ ምን አደረጉ? የቆጠረ ሸሪፍ፣ ያሻገሩ እነሱ።»

«እኔማ ሄጄ አላየሁም።»

በማግስቱ አቶ ክንዱ በእግራቸው ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጥተው «ያቀረብሁት ጽሑፍ ልክ አይደለም» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረሙ። ምክንያቱን አልተናገሩም። የቆመውን ጸሐፊ «አሁን ልክ ነው» ብለውት እንደ ነበር ራሱ ጸሐፊው በኋላ አውርቷል፤ እሱ ግን አእምሯቸው የተነካ መስሎት ነበር። ባላምባራስ ቅዳሜ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ወረቀቱን አስነበቡ። «ውሸታም መሆኑን በገዛ እጁ ፈረመ» አሉ። አርባዎቹ ሰዎች ቆመው ሰሙ። ሃያዎቹ እውነቱን ያውቃሉ፤ ሌሎቹ ሃያም ድንጋዩ በቃሬዛ ከየት እንደ መጣ ያውቃሉ። አንድም ሰው አልተናገረም፤ መናገር ለሁሉም ግርፋት ነበር። አቶ ክንዱም ወደ ሥራው አልተመለሱም። ሲጠየቁ «የፈረምሁት ለሥራ ብዬ አይደለም» ብለው ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አዘዞ ስማቸው ውሸታሙ ካፖ ሆነ። የታክሲ ነጂ ሳይቀር ይጠራቸው ነበር። የወይዘሮ ሽታዬ ወንድሞች «አምስት ወር ወንድ ነኝ ብሎ በአንድ ቀን ሴት ሆነ» ብለው እንደገና ከቤታቸው ቀሩ። ከእነዚያ ወንድሞች አንዱ ይህንን ጽሑፍ እንዲጽፍ የታዘዘው በመጻፍ ስለሚሻል እንጂ፣ ካሣው ይህ ነው ብሎ የሚያምን በቤቱ የለም።

ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አቶ ክንዱ በጠዳ በአንድ ሰው ወፍጮ ቤት በአስፈጪነት ሠሩ፤ መኖሪያቸውን አዘዞ አደረጉ። ወፍጮው ዘንድ በወረፋ ምክንያት በየቀኑ ጠብ ነበረ። አቶ ክንዱ ተራ መያዙን ከዘበኛው ወስደው ለሚጠብቁት ሴቶች ሰጡ፤ በየሳምንቱ ከመካከላቸው አንዷን ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቁና አልተደፋም። ባለ ወፍጮው ግን ጸጥታው የመጣው በሩ ላይ በሰቀሉት ማስታወቂያ ነው ብለው እስከ ዛሬ ያምናሉ። ከሚጠብቁት ሴቶች ማንበብ የምትችል አልነበረችም።

በ1959 ዓ.ም. አንድ ባለ ከረባት ከአዲስ አበባ መጥተው በከተማው አዳራሽ «ሳይንሳዊ የሥራ አመራር» የሚል ንግግር አደረጉ። በሠለጠነው አገር ሠራተኛን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን በአዲስ ዘዴ አንዱን በቀድሞው አሠርቶ ማነጻጸር እንደ ተጀመረ ገለጹ። ባላምባራስ የሻው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በገዛ ካምፓቸው የተሠራውን ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ሰምተው ነው ያጨበጨቡት። አቶ ክንዱ ከኋላ እጃቸውን አነሡ።

«ሁለቱ ወገን ዘመዳሞች የሆኑ እንደሆነስ? ያለቀለት ላላለቀለት ያገዘ እንደሆነ እንዴት ይለካል?»

ባለ ከረባቱ ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው «እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም» አሉ። ባላምባራስም ወደ ኋላ ዞረው «ጌታዬ፣ ይህን ሰው አይስሙት፤ ውሸታም መሆኑን የፈረመ ሰው ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። አቶ ክንዱ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። በዚያ ሳምንት በደብተራቸው የጻፉት ይህ ነው። «ሰውን የሚያሠራው ጩኸት አይደለም። ምርጫ ብቻም አይደለም። የአማቱን ላብ ቆሞ ማየት አለመቻሉ ነው። ይህንን የምለካበት ሣጥን የለኝም።» በአዳራሹ ከተነገረው ሁሉ ይህ የሚበልጥ መሆኑን የማያይ ሰው፣ የድንጋዩን መስመር ሳያውቅ ሃያ ጊዜ የሚመታ ሰው ነው።

የሊማሊሞና የአምባ ጊዮርጊስ አቧራ በሳንባቸው ስለ ቆየ፣ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ሳል ጸናባቸው። ወይዘሮ ሽታዬ ሌት ከቀን አልተለዩአቸውም፤ ሸሪፍና ባለቤቱ ሐዲጃም በየሳምንቱ ወተት ይዘው ይመጡ ነበር። በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. ባላምባራስ የሻው አዘዞ ድረስ በማኪና መጡ። የንስሐ አባታቸው አዝዘዋቸው ይሁን፣ የሰው ወሬ አስፈርቷቸው አይታወቅም። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው «ክንዱ፣ ያን ጊዜ የጻፍህብኝን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ።

አቶ ክንዱ ከአልጋቸው ቀና ብለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ባላምባራስ» አሉ። እንግዳው ከወጡ በኋላ ግን ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ወይዘሮ ሽታዬ «አሁንስ ለምን አይነግሯቸውም? ድርጅቱ ፈርሷል» ቢሉ፣ «መሐላው አልፈረሰም። እኔ ስሞት አያ ዳኛውን ጠይቂ፤ እሳቸው ከፈቀዱ ተናገሪ። ካልፈቀዱ ይቅር» ብለው አዘዙ።

አቶ ክንዱ አየልኝ በተወለዱ በአምሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ። በዚያው ዕለት ወይዘሮ ሽታዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሰው ላኩ። አያ ዳኛው የሰጡት መልስ «ሁሉም ይነበብ። ስሜም ይጠራ። የሚከሰኝ ካለ ይክሰሰኝ፤ ይህ እግሬ እንደሁ ችሎት ድረስ አያደርሰኝም» የሚል ነው። ከሃያዎቹ በሕይወት ያሉት ዘጠኙም ተስማምተዋል። ሌሊቱን በእግራቸው ተጉዘው መጥተው ዛሬ ከዚህ ቆመዋል፤ አስከሬኑንም ማንም ሳያዝዛቸው ከአዘዞ ቤታቸው እዚህ ድረስ ያመጡት እነሱ ናቸው።

አቶ ክንዱን የሚያለቅሱላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ይርዳው፣ ሴቶች ልጆቻቸው የዓለምወርቅና ሰብለ ወንጌል፣ ወንድ ልጃቸው ነጋ፣ እንዲሁም እንደ ወንድም የኖሩት ሸሪፍና ሐዲጃ ናቸው። ይህ ወረቀት ሲነበብ አንገቱን የደፋ ዘመድ ካለ፣ ቤተሰቡ ቀና በል አይለውም።

ባላምባራስ የሻውም በዚህ ሐዘን ላይ ተገኝተዋል። በኅዳር ወር ይቅር ብለዋል፤ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ይቅር ያሉትን ዛሬ ዐውቀዋል። አምስት መቶ አምሳ ስምንት ሣጥንና ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ሣጥን ነበር። ልጆቹ ከነገ ጀምሮ በአባታቸው ስም ሲጠሩ ቀና ብለው ይሄዳሉ፤ ባላምባራስ ደግሞ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚጮኹበት ነገር ቢፈልጉ መንገዱ ረጅም ነው።

ስሙን ለወንድሞቹ ሸክም አሳልፎ የሰጠውን የአገልጋዩን የክንዱን ነፍስ እግዚአብሔር በማይሰደብበት አገር፣ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።